ደጄ ላይ የበቀለችው ዝና

ደጁን በአበባ የሚያስጌጥ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ወይ ቤቱ ውስጥ የሚደብቀው ነገር አለ፣ ወይ ቤቱ ውስጥ ምንም ነገር የለም። ሦስተኛ ዓይነት አይቻለሁ የሚል ካለ ይጻፍልኝ፤ በዚሁ ዓምድ ላይ ይቅርታ ጠይቄ አርማለሁ።

ይህን የምለው እንዲያው ለነገር አይደለም። ባለፈው ሳምንት አዲስ የገባ ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ግቢዬን ሲመረምር ቆየና «ጋሼ፣ ይህን የሚያህል ግቢ ይዘው አንዲት አበባ እንኳ የለችም። አበባ ይጠላሉ እንዴ?» አለኝ። ኧረ እኔ አበባ አልጠላም። እኔ ግቢዬ ውስጥ አበባ እንዳልተክል የተፈረደብኝ ሰው ነኝ። ፍርዱ ይግባኝ የለውም፤ የፈረደችውም ዳኛ ይህን ስጽፍ ከጀርባዬ ተቀምጣ ሽንብራ ትለቅማለች። ማንበብ ባትችልም ስሟን ስጽፍ የምታውቅ ይመስለኛል። ስለዚህ እናንተም ድምፅ ሳታሰሙ አንብቡ።

ነገሩ የሆነው ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ወረታ ላይ ነው። ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ሥራዬም ደስታን ማጥፋት ነበር። አትሳቁ። የፎገራን ከብት ይፈጅ የነበረውን ክፉ በሽታ አገሬው «ደስታ» ብሎ ነው የሚጠራው። ለምን እንደዚያ እንዳለው እግዜር ይወቅ፤ እንዳይቀየመው ፈርቶ በቁልምጫ ጠርቶት ይሆናል። ብቻ መንግሥት ደስታ የደረሰበትን መንደር እየዞርሁ በመርፌ እንዳጠፋ ካኪ ሱሪ አልብሶ፣ አንድ ሣጥን መርፌ አሸክሞ ላከኝ። ሜዳው ላይ ብቅ ስል ከብቱ መርፌውን ፈርቶ ይሸሻል፣ ባለ ከብቱ ከብቱን ተከትሎ ይሮጣል፣ እኔ ሁለቱንም ተከትዬ ጭቃ ውስጥ እቀራለሁ። ወጣትነቴ እንዲህ ባለ ክብር አለፈ።

ቁሐር ሚካኤል የሚኖሩ ባላምባራስ ቢያድግልኝ የሚባሉ ባለብዙ ከብት ነበሩ። በረታቸው የደረስሁ ዕለት ሁሉም ላምና ጥጃ ተወጋና አንድ በሬ ቀረ። ስሙ ቡሬ ነው። ጥቁርና ነጭ፣ ቀንዱ እንዲህ ክንድ ተኩል፣ ጠባዩ ደግሞ የወረዳ ገዥ። አራት ጎልማሶች ሊይዙት ገቡና አራቱም በአጥር ላይ ዘለው ወጡ። ይሄን ጊዜ አንዲት ልጃገረድ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸርጣ ገባች፣ ቡሬን ጆሮውን ይዛ የሆነ ነገር አንሾካሾከችለት፣ እሱም እንደ ጠቦት ቆመ።

«በል ውጋው» አለችኝ።

መርፌውን ይዤ ቆምሁ።

«ምነው፣ ፈጠን በል እንጂ። እሱ አልፈራም፤ የፈራኸው አንተ ነህ።»

ይታይሽ ናት፤ የባላምባራስ ልጅ። ወጋሁት። ቡሬም ውለታዬን አልረሳም፤ እሷ ጆሮውን ስትለቅ እኔን አንስቶ ጭቃው ላይ አስቀመጠኝ። ከጭቃው ቀና ስል እሷ አፏን በነጠላዋ ይዛ ትስቃለች። እዚያው ጭቃ ውስጥ ተቀምጬ ይቺን ካላገባሁ ሰው አይደለሁም አልሁ።

ሽማግሌ ላክሁ። የላክኋቸው የባላምባራስን የነፍስ አባት ቄስ ሞላን ነው። ቄስ ሞላ ሄደው ተመለሱና የባላምባራስን መልስ ነገሩኝ፦ «ክረምቱ ይውጣ። ውሃው ሲጎድል ከብቴን ከደጋ ሳወርድ በወረታ አልፋለሁ። ያን ጊዜ ደጁን አይቼ እወስናለሁ።»

«ደጅህ እንዴት ነው?» አሉኝ ቄስ ሞላ።

«ጽዱ ነው አባ። በየቀኑ ይጠረጋል።»

ቄስ ሞላ ደነገጡ። «ጽዱ ስትል ምንም የለበትም?»

«ምንም የለበትም።»

«በል ይህን ለሌላ ሰው እንዳትናገር» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አስረዱኝ። ለካ በፎገራ ደጅ ማለት አዛባ ማለት ነው። የሰውየው ክብር የሚታወቀው ደጁ ላይ በተከመረው የከብት እዳሪ ነው። ክምሩ ከጎጆው ክዳን ከተስተካከለ «ጌታው» ይባላል፤ ከጉልበት በታች ከሆነ «አያ እገሌ» ይባላል፤ ጨርሶ ከሌለ ልጅም አይሰጠውም። እኔ ደግሞ በየማለዳው በመጥረጊያ ክብሬን ሳስወጣ ኖሬአለሁ።

ምን ላድርግ? ከብት መግዣ የለኝ። የሰው አዛባ ተበድሬ ደጄ ላይ ልከምር አሰብሁ፤ ግን ያለ ላም አዛባ ያለው ሰው ከየት አመጣው ቢባል መልስ የለኝም።

በዚህ ጭንቅ ላይ ሳለሁ አለቃዬ የነበረ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ሲያስር አንድ የዱቄት ወተት ጣሳ ሰጠኝ። ውስጡ ገለባ የሚመስል ዘር ነበር። «ዚኒያ» አለኝ። ቤትህ ፊት ለፊት ዝራው፣ ያየህ ሁሉ ይወድሃል የሚመስል ነገር በእጁም በአፉም አስረዳኝ። በአገሩ አዛባ መከመር ያልተለመደበት ምስኪን ሰው ነው፤ ግን እኔም በዚያን ሰዓት ከእሱ የማልሻል ምስኪን ነበርሁና አመንሁት። ባላምባራስ አዛባ ፈልገው ሲመጡ ቀይ፣ ብጫና ነጭ አበባ ቢያዩ አዛባውን ይረሱታል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር ብያችኋለሁ።

የፎገራ ዋልካ አፈር በክረምት ውሃ ይቋጥራል። ዘሩ እንዳይበሰብስ ብዬ ከቤቴ ፊት አፈር ከመርሁና ረዘም ያለ መደብ ሠራሁ። ቤቱን ያከራየችኝ እትየ ጥሩነሽ ከጓሮ መጥታ አየችና ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች።

«ማን ሞተብህ?» አለችኝ።

«ኧረ ማንም አልሞተም። የአበባ መደብ ነው።»

ነጠላዋን ቀና አደረገች። «ፍሬው ምን ይሆናል?»

«ፍሬ የለውም።»

«ቅጠሉ ይቀቀላል?»

«አይቀቀልም እትየ። ለማየት ብቻ ነው።»

«ለማየት» አለች፤ ቃሉን አፏ ውስጥ አገላብጣ ቀመሰችው። «ማን ትባላለች?»

«ዚኒያ።»

«ዝኔ?»

«ዚኒያ።»

«እህ፣ ዝና» አለችና ሄደች። እኔም አላረምኋትም። ያን ዕለት ሳይታክተኝ አንዲት ፊደል ባስተካክል ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ዘሩ በቀለ። ቡቃያው ማሳ የሚያበላሸውን መጭ የሚባለውን አረም ቁርጥ ስለሚመስል፣ እትየ ጥሩነሽ ደግነት ተሰምቷት እኔ ሥራ በሄድሁበት ሲሶውን ነቅላ ጣለችልኝ። የተረፈውን ደግሞ ዶሮዎቿ ይጭሩት ጀመር። እኔም ብልኅ ነኝና መላ ዘየድሁ። መደቡ ራስጌ ላይ አንድ ረዥም እንጨት አቆምሁና ያንን የወተት ጣሳ ጫፉ ላይ ደፋሁበት። ነፋስ ሲመጣ ጣሳው እንጨቱን እየመታ ይንቋቋል፣ ዶሮዎቹም ይደነብራሉ።

እንጨት ላይ የተደፋ ጣሳ። እናንተ ገብቷችኋል። ይህን እያያችሁ ዝም ብላችሁ ታነባላችሁ። እኔም ጎንደር ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፣ የተደፋ ጣሳ ምን ማለት እንደሆነ ከልጅነቴ አውቃለሁ፤ ግን ሰው በገዛ እጁ ያቆመውን እንጨት ቀና ብሎ አያየውም። ዓይኔም ልቤም መሬት ላይ፣ ቡቃያው ላይ ነበር።

ነሐሴ ላይ አበቡ። ምን ልበላችሁ፣ ወረታ እንደዚያ ያለ ነገር አይታ አታውቅም። ቀዩ ቀይ ነው። ብጫው ብጫ ነው። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመሄዴ በፊት ተንበርክኬ አረም እነቅላለሁ፣ ውሃ አጠጣለሁ፣ እውነቱን ለመናገር ደግሞ አወራቸው ነበር። «ዚኒያዬ፣ በርቺልኝ፤ ሕይወቴ በአንቺ እጅ ናት» እላለሁ። መስከረም ውስጥ አንድ የገበያ ቀን ማለዳ እንዲህ ስል አንዲት ቅቤ በቅል የያዘች ገበያተኛ አጥሩ ጋ ቆማ ብዙ ስታየኝ ቆየች። ነጠላዋ እስከ ዓይኗ ነው። ቀና ስል ሄዳለች። የፎገራ ሰው ሁሉ አበባ ይወዳል ብዬ ደስ አለኝ።

በዚያው ዕለት፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል፣ ሦስት ሰዎች ቤቶች ብለው ገቡ። ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው በር ላይ ካለችው መቀመጫ ተደረደሩ። የአበባዬ ወሬ ተሰምቶ ሊያዩ የመጡ መሰለኝና ኮራሁ።

«ከየት ናችሁ?» አልኋቸው።

«ከሐሙሲት ማዶ። ምልክትህን ከመንገድ አይተን ገባን» አለ በዕድሜ ጠና ያለው።

«እንዲታይ ብዬ ነው ያቆምሁት።»

«ደርሷል?»

«ደርሷል እንጂ። ከነሐሴ መባቻ ጀምሮ።»

ሰውየው ፊቱን አጨማደደ። «ከነሐሴ መባቻ የደረሰ እስካሁን ምን በላው?»

«እንዲያውም በየቀኑ ይበልጥ እያማረ ነው።»

«እስቲ ይሁን። ማን ናት እሷ?»

«ዚኒያ።»

«ዝና ነው ስሟ» አለ ዘወር ብሎ ለሁለቱ። ከዚያ ለእኔ «በል ጥራት፣ ወዲህ ትምጣ።»

ቀልደኛ ሰው ነው ብዬ ሳቅሁ። «እሷማ ከቦታዋ አትነቃነቅም። ሄዶ ማየት ነው። ግን ማየት ብቻ፤ መንካት አልፈቅድም።»

ሦስቱ ተያዩ።

«አንድ ናት?» አለ መካከለኛው፣ ቀስ ብሎ።

«ኧረ ስልሳ አያንሱም። ቀይም አለች፣ ብስል ቀይም አለች። ዘራቸው ከባሕር ማዶ ነው፤ ያሳደግኋቸው ግን እኔው ነኝ።»

«ስልሳ» አለ ሦስተኛው። «የት ያድራሉ?»

«እዚሁ ደጅ። ብርድ ይችላሉ።»

ጠና ያለው ሰው ተነሣ፣ አማተበ፣ ዱላውን ያዘ። «ጌታው፣ እኛ የመንገድ ሰዎች ነን። ጠላ ጠምቶን ነው እንጂ ለሌላ ለሌላው አልመጣንም» አለና ሁለቱን ነድቶ ወጣ። እኔ ጠላን ምን አመጣው እያልሁ ቀረሁ። ያን ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ሌሎች ሰዎችም እየገቡ ተቀምጠው፣ ዙሪያቸውን አይተው፣ ግራ ተጋብተው ወጡ። አንዱማ «እስክትመጣ እጠብቃታለሁ» ብሎ ግድግዳው ጥግ እንቅልፍ ወሰደው።

በመጨረሻ የመጡት ጎረቤቴ ሐጂ ይማም ናቸው። ጨውና አቡጀዲ የሚሸጡ ትልቅ ሰው፣ ድምፃቸው ከፍ ሲል ሰምቼ አላውቅም።

«ልጄ፣ ጎረቤት ነን» አሉ። «ሰው በሚጠጣው እኔ አልገባም። ብቻ ሱቄ በር ላይ ሰካራም እንዳይተኛብኝ። የእናንተ ሰዎች ስንት ቦታ አላቸው፣ ከእኔ በር ላይ ምን አመጣቸው?»

«ምን ብዬ ሐጂ? እኔ ጠላ አልሸጥም።»

ሐጂ ከዘራቸውን ወደ ላይ አንስተው ጣሳውን አሳዩኝ።

ቀና አልሁ። ጣሳዋ ተደፍታ፣ ፀሐይ እያብለጨለጫት፣ ከባሕር ዳር ጎንደር ለሚያልፈው መንገደኛ ሁሉ «ግቡ፣ ጠላ አለ» ትላለች። ወዲያው እንጨቱን ነቀልሁ። እትየ ጥሩነሽን ምነው ሳትነግሪኝ አልኋት፤ «የመንግሥት ሰው ነህ፣ ፈቃድ ያለህ መስሎኝ» አለችኝ። ስለ ጠላውማ የሆነው ሆኖ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ «አበባህን በስሟ የጠራህላትን ዝናንስ ለምን ደብቀሃት ኖርህ፣ ሰው ሁሉ ስለ እሷ ነው የሚጠይቀኝ» ስትለኝ ነው ነገሩ የከፋ መሆኑ የገባኝ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት የሆነውን ተዉት። የፎገራ ሜዳ ውሃ ሲሞላ መንገድ ይዘጋል፣ ታንኳ ይቆማል፣ ሰው ከሰው አይገናኝም። ወሬ ግን በውሃ ላይ ይሄዳል። ሳምንት ሳይሞላ፣ ውሃው መጉደል እንደጀመረ፣ ቄስ ሞላ ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው፣ ጭቃ በጭቃ ሆነው መጡ። አልተቀመጡም።

«ዝና የምትባል ኮማሪት አስቀምጠሃል አሉ።»

«አባ፣ እሷ እኮ አበባ ናት።»

«መልኳንማ ሰማሁ። ጭራሽ በእኔ ፊት ታሞግሳታለህ?»

«አባ ይስሙኝ። ከመሬት የበቀለች ናት።»

«ሁላችንም ከመሬት ነን» አሉ ቄስ ሞላ። «ይህ ኃጢአቱን አያቀለውም። በየማለዳው እግሯ ሥር ተንበርክከህ ታየህ ይባላል። እውነት ነው ሐሰት?»

«እውነት ነው፤ አረም ስነቅል ነው።»

«ሕይወቴ በአንቺ እጅ ናት ማለትህስ?»

ይህን ማን ሰማብኝ? ከዚህ በላይ ብናገር ራሴን ይበልጥ እንደምቀብር ገብቶኝ ክንዳቸውን ይዤ ወደ መደቡ ወሰድኋቸው። ቄስ ሞላ ቆመው አበባዎቹን አዩ። እኔን አዩ። እንደገና አበባዎቹን አዩ።

«ይቺ ናት?»

«እሷ ናት።»

«ለዚች ነው እኔ ከቁሐር ድረስ ጭቃ የበላሁት?» አሉና መደቡ ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። ጭቃውን ከቀሚሳቸው እያራገፉም እንዲህ አሉኝ፦ «ስማ ልጄ። ባላምባራስ ነገ ከብቱን ይዘው በዚህ ያልፋሉ። የሚመጡት ደጅህን ሊያዩ አይደለም፤ ለኮማሪት ወዳጅ ልጅ የለኝም ብለው ፊት ለፊት ሊነግሩህ ነው። እሳቸው አንዴ ካሉ አይመለሱም። እኔ አበባ ናት ብል አያምኑም፤ በዓይናቸው ይዩዋት። እስከ ነገ ጠብቃት።»

አያችሁ፣ አበባዎቼ ጌጥ መሆናቸው ቀረ፤ ምስክሮቼ ሆኑ። ከእነሱ በቀር እውነቱን የሚናገርልኝ የለም። እነሱ ካሉ ይታይሽን አገባለሁ፤ ከሌሉ ደግሞ ቀሪ ዘመኔን ስልሳ ኮማሪት ያስቀመጠ ሰው እየተባልሁ በፎገራ ሜዳ ላይ ደስታ ሳጠፋ እኖራለሁ።

በማግሥቱ ማለዳ ተነሥቼ ውሃ አጠጣኋቸው። የእሾኩን መዝጊያ ጎትቼ በሩን ዘጋሁ፤ መዝጋት ብቻም አይደለም፣ በጠፍር ሁለት ጊዜ አስሬ ቋጠርሁት። ይህን ቋጠሮ አስታውሱልኝ። ከዚያ ኮቴን ልለብስ ገባሁ። ከመንገድ የከብት ድምፅ፣ የእረኛ ፉጨት ይሰማል። አንዱን እጅጌ እንዳጠለቅሁ እትየ ጥሩነሽ ከውጭ ጠራችኝ።

«አንተ ልጅ፣ እንግዳህ ገብቷል።»

ወጣሁ። እንግዳው ቡሬ ነው። መደቤ መሐል በአራት እግሩ ቆሟል፤ ሰውነቱም ደጋ ከርሞ እጥፍ ሆኖ ጠብቆኛል። ከስልሳው አንዲት ብቻ ቀርታለች፤ እሷም ቀይዋ፣ በከንፈሩ ጫፍ ላይ ተንጠልጥላ ወደ ውስጥ ትገባለች። መዝጊያው ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ያንን የጣሳ እንጨት አነሣሁ። ቡሬም ቀና ብሎ አየኝ። በልቡ የመርፌውን ዕለት እንዳልረሳ ከዓይኑ ታየኝ። እንጨቱን እንደያዝሁ፣ በአንድ እጅጌ ኮት፣ ቀጥ ብዬ ቀረሁ።

ባላምባራስ ቢያድግልኝና ቄስ ሞላ በበሩ የገቡት ይሄን ጊዜ ነው።

«የታለች?» አሉ ባላምባራስ፣ ሰላምታም ሳይሰጡ።

«ማን ጌታዬ?»

«ዝና።»

በእንጨቱ ወደ ቡሬ ጠቆምሁ። «በሬዎ በላት።»

ባላምባራስ እኔን ትተው ወደ ቄስ ሞላ ዞሩ። ቄስ ሞላም ላባቸውን ጠርገው መሰከሩልኝ፦ «እውነቱን ነው ጌታዬ፤ ትናንት በዓይኔ አይቻታለሁ። ቀይ ነበረች።»

ከአጥሩ ውጭ ከብት ከሚነዱት አንዱ ሳቁን ሲያፍን ይሰማኛል። ቡሬ የመጨረሻዋን አበባ ዋጠ፣ ወዲህ ዞረ፣ ጅራቱን ከፍ አደረገና በመደቤ መሐል፣ ከቤቴ በር ፊት ለፊት፣ የሚያህለውን አዛባ ጣለ። ትኩስ ነው፣ ይጨሳል። በዚያ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ደጄ አዛባ ሲያይ የመጀመሪያው ነው።

ባላምባራስ አዛባውን አዩ። የተረገጠውን መደብ አዩ፤ የተቆረጠውን አገዳ ጎንበስ ብለው አንስተው አሸተቱ። የዚህ ሁሉ ወሬ ባለቤት ያቺ አገዳ መሆኗ ገባቸው መሰለኝ ጢማቸው ውስጥ ፈገግ አሉ። ከዚያ በእጄ የያዝሁትን እንጨት አዩ።

«ስንት ጊዜ ለፋህባት?» አሉኝ።

«ሦስት ወር ጌታዬ።»

«ሦስት ወር የለፋህባትን በሬዬ ሲበላብህ፣ ዱላ በእጅህ ሳለ አልመታኸውም።»

እንጨቱን ቀስ ብዬ መሬት ላይ አስቀመጥሁት።

«ደጅህ ባዶ መሆኑን ነግረውኝ ነበር። ስለ ደጅህ ነገር ቡሬ ጀምሮልሃል» አሉና ወደ ቄስ ሞላ ዞሩ። «አባ፣ ዱላ ይዞ ዱላ ያላነሣ ሰው ነው። ልጄንም አይመታብኝም። ለጥር ይደገስ።»

ዱላውን ያላነሣሁት ከትዕግሥቴ እንዳልሆነ፣ እግሬ ከመሬት እንደተሰፋ እናንተ ታውቃላችሁ። እሳቸው ግን ነፍሳቸውን ይማርና ሳያውቁ ሞቱ። ከፍርሃት የተነሣ የተዳረ ሙሽራ በአገሩ ካለ ይምጣና እንተዋወቅ።

ጥር ላይ ተጋባን። ከዚያም ጎንደር ተዛወርሁ፣ ልጆችም መጡ። በየክረምቱ ዋዜማ «ደጁ ላይ ትንሽ አበባ ብንዘራ» እላለሁ። ይታይሽም በየክረምቱ ዋዜማ «ከብት ይበላዋል» ትለኛለች። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ መልሷ ይኸው ነው። እኔም ቁስሌን አውቃ የምታዝንልኝ ይመስለኝ ነበር።

ጎረቤቴ አበባ ይጠላሉ ወይ ያለኝ ዕለት ግን እልህ ያዘኝና ገብቼ አነሣሁባት።

«እዚህ ሰፈር ከብት የለም» አልኋት። «አንድም የለም። አሁን ምን ይበላዋል?»

ሽንብራዋን መልቀሟን አላቆመችም። «ያኔስ ከብት በራሱ የገባ መስሎሃል?»

«ምን ማለት ነው?»

«በጠፍር ሁለት ጊዜ ቋጥረኸዋል። ቡሬ ቋጠሮ ይፈታል?»

እትየ ጥሩነሽን መዝጊያውን ፈታችው ብዬ ስንት ዓመት በልቤ ስወቅሳት ኖሬአለሁ መሰላችሁ።

«አንቺ ነሽ?»

«ከብቱን የምነዳው እኔ ነበርሁ። አባቴ ሐጂ ሱቅ ጨው ሲያዩ ፈታሁና አስገባሁት።»

ደግነቱ ፍቅሯ ገባኝ፤ ሌላ ሴት አለችው ሲሏት ቀንታ ነው አልሁ በልቤ፣ ትንሽም ኮራ አልሁ። «በይ እንግዲህ» አልኋት «ያቺ ዝና ሴት መስላሽ ነዋ። አበባ መሆኗን ብታውቂ ኖሮ…»

«አበባ መሆኗንማ አውቃለሁ። ቅቤ ልሸጥ የመጣሁ ዕለት አጥሩ ጋ ቆሜ አይቼሃለሁ፤ ሕይወቴ በአንቺ እጅ ናት ስትላትም ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ አበባ መሆኗን እያወቅሽ?»

ጠጠሩን ከሽንብራው መሐል አውጥታ ጣለችና ቀና ብላ አየችኝ።

«ሴት ብትሆንማ ምን አሳሰበኝ፤ ጠባይህን አይታ በሳምንቷ ራሷ ትሄድልኝ ነበር። አበባ ግን እግር የላት።»